«የዱር ወፍ» ወይስ «ጥንብ አንሳ»? የቲቤት አዳኝ ወፎች ስያሜና የተርጓሚዎች ፈተና

በቲቤት ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ብያ ርጎድ የሚባል ወፍ ደጋግሞ ይነሣል። ባሕታውያን በመዝሙሮቻቸው ራሳቸውን ከእርሱ ጋር ያነጻጽራሉ። ዋሻዎችና ሰዎች በስሙ ይጠራሉ። ሰው ሲሞትም ሥጋው ለእርሱ ይሰጣል። ይህንኑ ስም በአውሮፓ ቋንቋዎች የተረጎሙት ሰዎች አንዳንዴ ንስር፣ አንዳንዴ ጥንብ አንሳ ሲሉት፣ በቻይንኛ ስለ ቲቤት የሚጻፉ ጽሑፎች ደግሞ «መለኮታዊ ንስር» ይሉታል። ወፉ አንድ ነው። የተለያየው ስሙን የተቀበለው ቋንቋ ስለ ሞትና ስለ በድን ያለው አመለካከት ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ቲቤታውያን ለአዳኝ ወፎች ያወጧቸውን ዋና ዋና ስሞች ከነታሪካቸው መመርመርና ስሞቹ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገሩ ምን እንደ ደረሰባቸው ማሳየት ነው። ጸሐፊው የቲቤትኛ ሊቅ አይደለም፤ የተመለከተው መዝገበ ቃላቱንና በትርጉም የተገኙትን ሥራዎች ነው። ይሁንና ጉዳዩ በትርጉም ጥናት ላይ ያሉ ተማሪዎቻችንን በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘው በሥነ ጽሑፍ ሰው ዐይን ሊያየው ሞክሯል። «አዳኝ ወፎች» የሚለው አጠራር እዚህ ላይ ሰፋ ብሎ ተወስዷል፤ ራሳቸው የማያድኑትን፣ የሞተ የሚበሉትንም ይጨምራል። የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የቲቤት ፊደል በ7ኛው መቶ ዓመት የተቀረጸ ሲሆን፣ የዚያን ዘመን አነጋገር እስከ ዛሬ ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ በቃል መነሻ የሚጻፉ ብዙ ፊደላት በላሳ ከተማ አነጋገር አይሰሙም። «ብያ» ተብሎ የተጻፈው ሲነበብ ወደ «ጃ» ይጠጋል፤ «ርጎድ» የሚለውም የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደሉ አይሰማም። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ከሆኑ በኋላም በጽሕፈት እንደ ተለያዩ ኖረዋል፤ ያ ልዩነት የቃሉን ዘር ለማወቅ እንደሚጠቅም ሁሉ የቲቤትኛውም እንዲሁ ይጠቅማል። ስለዚህም በዚህ ጽሑፍ ስሞቹ የተሰጡት እንደሚነገሩት ሳይሆን እንደሚጻፉት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስም እንመለስ። ብያ ማለት ወፍ ነው። ርጎድ ደግሞ ያልተገራ፣ የዱር ማለት ነው። ይኸው ቅጽል በሌሎች እንስሳት ስም ላይም ይገኛል። ፋግ አሳማ ሲሆን ፋግ ርጎድ የዱር አሳማ ነው። ሚ ሰው ሲሆን ሚ ርጎድ የዱር ሰው ነው፤ ይህ የመጨረሻው በሂማላያ በረዶ ላይ ይኖራል እየተባለ በዓለም ጋዜጦች ብዙ የተወራለት የአፈ ታሪክ ፍጡር ስም ነው። በሌላ በኩል ክዪም ማለት ቤት ነውና ክዪም ብያ፣ ማለትም «የቤት ወፍ»፣ ዶሮ ነው። እንግዲህ ብያ ርጎድ እና ክዪም ብያ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ስያሜው ግልጽ ይሆናል፤ አንዱ በሰው ደጃፍ የሚጭር፣ ሌላው ሰው በማይደርስበት ገደል የሚያድር ወፍ ነው። ዛሬ ርጎድ የሚለው ቃል ብቻውን ቢነገርም ያው ወፍ ይታወቃል። በቃሉ ውስጥ የሥጋም፣ የበድንም፣ የሽታም ነገር የለም።

የእኛን አጠራር ከዚህ ጋር ብናስተያየው ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል። ጥንብ አንሳ ስንል ወፉን የምንሰይመው በሚበላው ነገር ነው፤ ያውም በሸተተው። ቃሉ ስድብ ሆኖ ለሰው ሲሰጥ የሚሰማውም ለዚህ ነው። ቲቤታዊው ስም አውጪ ወፉን ወደ ላይ አንጋጦ ያየው ይመስላል፤ የእኛው ግን ከበድኑ አጠገብ ቆሞ። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው።

ሌላው የዚሁ ወፍ ስም ታንግ ድካር ነው። ድካር ነጭ ማለት ነው። በመዝሙርና በተረት «ታንግ ድካር ርጎድ ፖ» እየተባለ እንደ ማዕረግ ይነገራል። በቲቤት ከፍታ ላይ የሚኖረው ትልቁ ጥንብ አንሳ፣ እንግሊዛዊው አለን ሂዩም በ1869 የሳይንስ ስም ያወጣለት፣ ጎልማሳ ሲሆን ሰውነቱ ወደ ነጭ ያደላል፤ የክንፉ ጫፍ ግን ጥቁር ነው። ስሙ ከዚህ መልክ የተነሣ ቢሆን አያስገርምም። መልክን ተከትሎ መሰየም በጭልፊትም ላይ ይታያል። ጭልፊት ክራ ይባላል፤ ክራ ቦ የሚለው ቅጽል ደግሞ ዥንጉርጉር ማለት ነው። ደረቱን በትናንሽ መስመሮች የተሸለመ ጭልፊት ያየ ሰው በሁለቱ ቃላት መካከል ያለውን ዝምድና ለመቀበል አይቸገርም።

የጉጉት ሁለት ስሞች ለየት ይላሉ። ኡግ ፓ የሚለው በጩኸቱ የተሰየመ ነው፤ የእኛው «ጉጉት»ም ከዚህ የራቀ አይመስልም። ሁለተኛው ስሪን ብያ ነው። ስሪን ሰው የሚበላ ጋኔን ስለሆነ ስሙ «የጋኔን ወፍ» እንደ ማለት ይሆናል። ጩኸቱ በመጥፎ ምልክትነት እንደሚፈራ በብዙ አገሮች የታወቀ ነውና በዚህ ላይ አንቆይም። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ። ቲቤትኛ ጋኔናዊነትን ለወፍ መስጠት ሲፈልግ የሰጠው አይጥ ለሚይዘው ለጉጉት ነው፤ የሰው ሬሳ ለሚበላው አይደለም።

የእነዚህ ስሞች ታሪክ ከቡድሃ ሃይማኖት መምጣት በፊት ይጀምራል። በምዕራብ ቲቤት፣ በሱትሌጅ ወንዝ ላይኛው ተፋሰስ፣ ዣንግዡንግ የሚባል መንግሥት ነበር። በ7ኛው መቶ ዓመት በንጉሥ ሶንግትሴን ጋምፖ ዘመን ለቲቤት መንግሥት ገባር ሆነ። ቦን የሚባለው ሃይማኖት ሊቃውንት የዚህን አገር መናገሻ ክዩንግ ሉንግ ንጉል ካር ይሉታል፤ «በክዩንግ ሸለቆ ያለ የብር አምባ» ማለት ነው። ጣሊያናዊው የቲቤት ጥናት ሊቅ ጁዜፔ ቱቺ በ1935 ቦታውን ጎብኝቷል። ክዩንግ በገሃዱ ዓለም የሌለ፣ ቀንዳም ትልቅ ወፍ ነው። ክዩንግፖ የሚባል ጎሣ የዘር ሐረጉን ወደዚህ ወፍ ይመልሳል፤ ከዚህም ጎሣ በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት መካከል የኖረው ታዋቂው መምህር ክዩንግፖ ናልጆር ወጥቷል። በየተራራው መተላለፊያና በየቤቱ ጣሪያ በሚሰቀሉት የጸሎት ጨርቆች ላይም ክዩንግ ከነብር፣ ከአንበሳና ከዘንዶ ጋር በአራቱ ማዕዘን ከተጻፉት አንዱ ነው።

ስለዚያ ዘመን ከቻይና ታሪክ ጸሐፊዎች የተገኘ አንድ መረጃ አለ። በ1060 የተጠናቀቀው አዲሱ የታንግ ሥርወ መንግሥት ታሪክ እንደሚለው፣ ቲቤታውያን ጦር ሲያስነሡ የወርቅ ፍላጻ በምልክትነት ይልኩ ነበር። የጦርነት አስቸኳይ ወሬ የያዘ መልእክተኛ ደግሞ በደረቱ ላይ የብር ጭልፊት ያደርጋል፤ ነገሩ እጅግ አጣዳፊ ሲሆን የጭልፊቱ ቁጥር ይበዛል። ይህ ወፍ በቻይንኛ የተጠራው ጭልፊትን በሚያመለክት ቃል ነው። ቲቤታውያኑ ራሳቸው ክራ ብለውት ይሁን በሌላ ስም፣ አዳኙ ወፍ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፍጥነትና የመንግሥት ሥልጣን ትእምርት እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን። በድን ገና አልመጣም። የዚያን ጊዜ ነገሥታት እንኳ የሚቀበሩት በትልልቅ የአፈር ጉብታዎች ሥር ነበር፤ ጉብታዎቹ በቾንግዬ ሸለቆ እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ታላቁ የስያሜ ለውጥ የመጣው በ9ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ንጉሥ ትሪዴ ሶንግትሴን በ814 ባወጣው አዋጅ ከሳንስክሪት ወደ ቲቤትኛ የሚደረገው ትርጉም አንድ ሥርዓት እንዲይዝ አዘዘ። ማሃቭዩትፓቲ የሚባለው፣ ከ9,000 በላይ ቃላትን የያዘው የሁለት ቋንቋ መዝገበ ቃላት የዚህ ሥራ ፍሬ ነው። ከእርሱ ጋር የተዘጋጀው መመሪያ በትርጉም ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ የሚሰጠው ነው። መመሪያው ከሚደነግጋቸው ነገሮች አንዱ የአገር፣ የእንስሳት፣ የአበባና የዕፀዋት ስሞችን የሚመለከት ነው። ስሙ ቢተረጎም የሚያሳስት ወይም የሚያስቸግር ከሆነ፣ ሳንስክሪቱ እንዳለ ይተውና በፊቱ «አገር» ወይም «አበባ» የሚል የወል ስም ይደረግለት ይላል። ከ1,200 ዓመት በፊት የመንግሥት ተርጓሚዎች በዚህ ደረጃ ማሰባቸው የሚያስደንቅ ነው። ይህ ጸሐፊ ዛሬ ያለ አንዳች መመሪያ የሚታተሙ ትርጉሞችን ሲያነብ ያንን አዋጅ የሚመኝበት ጊዜ አለ።

የወፎቹ ስሞች በዚህ ሥርዓት ውስጥ እንዴት አለፉ? ሦስት ምሳሌዎች እንይ። ቡድሃ ብዙ ትምህርቶቹን የሰጠበት በሕንድ አገር በራጅጊር የሚገኘው ተራራ በሳንስክሪት በጥንብ አንሳ ስም ይጠራል። ተርጓሚዎቹ «ብያ ርጎድ ፉንግ ፖይ ሪ»፣ ማለት «የብያ ርጎድ ክምር ተራራ» አሉት። ቃል በቃል ነው፤ የጎደለም የተጨመረም ክብር የለም። ቻይናውያን ተርጓሚዎች በበኩላቸው ያንኑ ተራራ «የመንፈሳዊ ጥንብ አንሳ ተራራ» በሚል ስም ነው በስፋት ያሳወቁት። ቅዱስ ትምህርት በተሰጠበት ቦታ ላይ በድን የሚበላ ወፍ መኖሩ ስላልተዋጠላቸው ማለስለሻ ቅጽል ያስፈለጋቸው ይመስላል። ቲቤታውያኑ ይህ አላስፈለጋቸውም፤ «የዱር ወፍ» የሚለው ስማቸው ከመነሻውም ንጹሕ ነበርና።

ሁለተኛው ምሳሌ ጋሩዳ ነው። በሕንድ አፈ ታሪክ የእባቦች ጠላት የሆነውን ይህን ወፍ ተርጓሚዎቹ «ናምካ ልዲንግ» አሉት፤ «በሰማይ የሚያንዣብብ» ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕዝቡ የራሱ ክዩንግ ነበረውና ሁለቱ ወፎች ቀስ በቀስ አንድ ሆኑ። የተተረጎመው ስም በመጻሕፍት ሲቀር፣ አገር በቀሉ ስም የሕንዱን ወፍ ታሪክ ጠቅልሎ ያዘ። በ1349 በአምዶ ክፍለ አገር የተመሠረተው ታዋቂ ገዳም ብያ ክዩንግ ተብሎ መሰየሙ የትኛው ስም እንዳሸነፈ ያመለክታል።

ሦስተኛው አጭር ነው። «ጠቢቡና ሞኙ» በሚል ርእስ ከቻይንኛ ወደ ቲቤትኛ በተመለሰው የተረት ስብስብ ውስጥ የንጉሥ ሺቢ ታሪክ አለ። ርግብ ከጭልፊት ሸሽታ በንጉሡ እቅፍ ትጠለላለች፤ ንጉሡም ርግቢቱን ለማዳን የገዛ ሥጋውን ቆርጦ ለጭልፊቱ ይመዝናል። ጭልፊቱ ግን ሊፈትነው የመጣ አምላክ ነበር። የገዛ ሥጋን ለአዳኝ ወፍ መስጠት የልግስና ሁሉ ጫፍ እንደሆነ ቲቤታዊው አንባቢ የተማረው ከእንዲህ ያሉ ታሪኮች ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ከሕንድ የተነሣ የቡድሃ ታሪክ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ አባ ዕንባቆም በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በረላም ወይዋሰፍ» ምንጩ የቡድሃ የሕይወት ታሪክ መሆኑ የታወቀ ነው።

ከ11ኛው መቶ ዓመት ወዲህ የባሕታውያን ዘመን መጣ፤ የብያ ርጎድ ስምም ከሁሉ ይልቅ የበለጸገው በዚህ ዘመን ነው። በበረዶ ዋሻ ለብቻው የኖረው የሚላሬፓ መዝሙሮችና ገድል እስከ ዛሬ በቲቤት ይነበባሉ። ገድሉን በ1488 ያዘጋጀው ጻንግንዮን ሄሩካ ነው። በመዝሙሮቹ ውስጥ አንድ የምስያ ሥርዓት ተደጋግሞ ይመጣል፤ አንበሳ በበረዶው ተራራ፣ ነብር በጫካው፣ ርጎድ በገደሉ ያለ ፍርሃት እንደሚኖሩ ሁሉ ባሕታዊውም በብቸኝነቱ ይኖራል። ርጎድ የወፎች ንጉሥ ይባላል። ንግሥናው ከመግደል የመጣ አይደለም፤ ማንም በማይደርስበት ከፍታ ከማደሩና ክንፉን ሳያርገበግብ ከመንሳፈፉ ነው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። «ያልተገራ» የሚለው ቅጽል ለእንስሳ ሲነገር ጉድለት ነው። ቤት፣ ርስትና ዘመድ ጥሎ ለወጣ መነኩሴ ሲነገር ግን ምስጋና ይሆናል። የወፉ ስም ፍካሬያዊ ትርጉም ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ትርጉም ወደ ሰው ስም ለመሻገር ጊዜ አልወሰደበትም። ከ1189 እስከ 1258 የኖረው ጎንፖ ዶርጄ የተባለው መምህር የሚታወቀው ርጎድ ጻንግ ፓ በሚለው ስሙ ነው። ጻንግ ጎጆ ነው፤ ስለዚህ «የብያ ርጎድ ጎጆ ሰው» ማለት ይሆናል። ስሙን ያገኘው ከመነነበት ዋሻ ነው። የዋልድባን ወይም የደብረ ዳሞን መነኮሳት አኗኗር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ስም ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ከእርሱ ይበልጥ የሚገርመው የሪግዚን ርጎድ ልዴም ስም ነው። ይህ ሰው ከ1337 እስከ 1408 የኖረ ሲሆን በ1366 የተሰወሩ መጻሕፍትን እንዳወጣ ይነገርለታል። ገድሉ እንደሚለው በ12 ዓመቱ ሦስት፣ በ24 ዓመቱ አምስት የርጎድ ላባ የሚመስሉ ነገሮች በራሱ ላይ በቀሉ፤ ስሙም «ባለ ርጎድ ላባው» የሚል ሆነ። እንግዲህ ተርጓሚው ይህን ቅዱስ ሰው «ባለ ጥንብ አንሳ ላባው» ቢለው አማርኛ አንባቢ ምን ይሰማዋል? ከቃሉ አንጻር የተሳሳተ ነገር የለም። የተሰማው ግን ከታሰበው ተቃራኒው ነው።

ደራሲው ያልታወቀ «የወፎች ሕግ የከበረ ጉንጉን» የሚል ሥራም አለ፤ ኤድዋርድ ኮንዝ በ1955 በእንግሊዝኛ አውጥቶታል። በሕንድና በቲቤት ወሰን ባለ ጫካ ወፎች ሁሉ ይሰበሰባሉ። ርኅሩኁ ቦዲሳትቫ በኩኩ ወፍ መልክ ያስተምራቸዋል፤ እነርሱም በየተራ እየተነሡ ስለዚህ ዓለም ከንቱነት ይናገራሉ። የእያንዳንዱ ወፍ ንግግር የወፉን ጩኸት በሚያስታውስና ትርጉምም ባለው ቃል የሚታጀብ መሆኑ ለተርጓሚ ከባድ ጣጣ ነው። ለሰምና ወርቅ ጆሮው የተገራ አማርኛ ተርጓሚ ከእንግሊዛዊው የተሻለ ሊሠራው ይችል ይሆናል። ለዚህ ጽሑፍ የሚፈለገው ነጥብ ግን ሌላ ነው፤ በዚያ ጉባኤ ጥንብ አንሳው ከተናጋሪዎቹ አንዱ ነው፤ በደለኛ ሆኖ አልቆመም።

ከሕንድ በተቀዳው የቅኔ ትምህርትም ወፎቹ ሌላ የስም ልብስ ለበሱ። የሳንስክሪቱ የተመሳሳይ ቃላት መጽሐፍ አማራኮሻ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ቲቤትኛ ሲገባ፣ ባለ ቅኔዎች ነገርን በስሙ ሳይሆን በባሕርዩ መጥራትን ተማሩ። ወፍ «ባለ ክንፍ» ይባላል፤ ወይም ከእናቱ አንድ ጊዜ፣ ከዕንቁላሉ ሁለተኛ ጊዜ ይወለዳልና «ሁለቴ የተወለደ» ይባላል። ጋሩዳ ደግሞ «የእባቦች ጠላት» ነው። ይህ ትምህርት ብዙ ውብ ግጥም አስገኝቷል፤ ብዙ የተጨነቀ ግጥምም እንዲሁ።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ቃል ደርሰናል፤ ብያ ግቶር። የሞተን ሰው ሥጋ ቆራርጦ ለብያ ርጎድ የማብላት ሥርዓት ስም ነው። ብያ ወፍ፣ ግቶር መበተን ነው። ግቶር የሚለው ግስ ተራ ቃል አይደለም። በቲቤት አምልኮ ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ ተሠርቶ ለመናፍስት የሚቀርበው መሥዋዕት ግቶርማ የሚባለው ከዚሁ ግስ ነው፤ «የሚበተን» እንደ ማለት ነው። ቲቤታዊው ብያ ግቶር ሲል እንግዲህ በጆሮው የሚሰማው መሥዋዕት ነው።

ሥርዓቱ የተስፋፋው ነገሥታት በአፈር ጉብታ ከሚቀበሩበት ዘመን በኋላ ነው። መሬቱ በበረዶ ስለሚደርቅና ማገዶ ስለሌለ ነው የሚለው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሰጣል። እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም፤ ወንዝ ባለበት በወንዝ መጣል፣ ማገዶ ባለበት ማቃጠል አብረው የኖሩ ሥርዓቶች ናቸውና። የንጉሥ ሺቢን ታሪክ ያስታወሰ ሰው ሌላውን ምክንያት ያገኘዋል። ነፍስ የለቀቀችው ሥጋ ለተራበ ፍጡር ከተሰጠች የመጨረሻ ምጽዋት ናት፤ በዚያን ቀን የጠገበው ወፍ ሌላ እንስሳ አይነካም። ብያ ርጎድ ራሱ አይገድልም፤ የሞተውን ብቻ ይበላል። ነፍስ ማጥፋትን ከኃጢአት ሁሉ በላይ በሚቆጥር ሕዝብ ዘንድ ይህ ጠባይ ጽድቅ ሆኖ መታየቱ አያስገርምም። ነገሩን ግን ከሚገባው በላይ ማሳመር አይገባም። ወፉ ሲከበር፣ ሬሳውን ቆራርጦ የሚያቀርበው ሮ ርግያብ ፓ የሚባለው ሠራተኛ በድሮው የላሳ ኅብረተሰብ ከዝቅተኞቹ የሚቆጠር ነበር። የበድን ነውር ጨርሶ አልጠፋም፤ ከወፉ ወርዶ ሰውየው ላይ አርፏል።

ይህን ሥርዓት ለአውሮፓ አንባቢ ቀድመው ካወሩት አንዱ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የተጓዘው መነኩሴ ኦዶሪክ ነው። ወሬው አስደንጋጭ ተረት ሆኖ ለብዙ ዘመን ተነበበ። በኋላ ዘመን ቻይንኛው «የሰማይ ቀብር» የሚል ስም ሰጠው፤ እንግሊዝኛውም ይህንኑ ተከተለ፤ ዛሬ በዓለም የታወቀው በዚህ ስም ነው። በቲቤትኛው ስም ውስጥ ግን ሰማይ የለም፤ ቀብርም የለም። ያሉት ወፍና መበተን ናቸው። ቻይንኛው ስም ሥርዓቱን ወደ ላይ አነሣው፤ ነገር ግን የሚበላውን ወፍና የሚሰጠውን ሰው ከስሙ አወጣቸው። በባህል አብዮት ዓመታት፣ ከ1966 እስከ 1976፣ ሥርዓቱ ተከልክሎ ነበር። በ1980ዎቹ እንደገና ሲፈቀድ ስለ እርሱ በሌሎች ቋንቋዎች የተጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል በተውሶው ስም ነበር።

ሐኪሞቹ ለወፉ የሰጡት ቦታም ከዚሁ ይዛመዳል። በ12ኛው መቶ ዓመት መልኩን የያዘው አራቱ የሕክምና መጻሕፍት ትውፊት የብያ ርጎድን ጉሮሮ ለእንቅርት፣ ኩሱን ደግሞ ምግብ ለማይፈጭ ሆድ መድኃኒት ያደርገዋል። አጥንት ሳይቀር የሚፈጭ ወፍ የሆድን እሳት ያነድዳል የሚል አመክንዮ ነው። በድን መብላቱ እዚህ እንደ ችሎታ ተቆጠረለት።

በ19ኛው መቶ ዓመት ስሞቹ በአውሮፓውያን መዝገበ ቃላት ውስጥ መግባት ጀመሩ። ሀንጋሪያዊው ቾማ ዴ ኮሮሽ በ1834፣ ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ሃይንሪክ ኦገስት ዬሽኬ በ1881፣ ቤንጋላዊው ሳራት ቻንድራ ዳስ በ1902 ቲቤትኛን ከእንግሊዝኛ ጋር ያገናኙ መዝገበ ቃላት አሳተሙ። የሠሩት ሥራ ታላቅ ነው፤ ይህ ጽሑፍም በእነርሱ ትከሻ ላይ የቆመ ነው። ነገር ግን በሥነ ሕይወት ሊቃውንት አከፋፈል ውስጥ ያደገ ሰው ለእያንዳንዱ ስም አንድ ዝርያ ይፈልጋል። ግላግ የሚለውን ስም ብንመለከት ችግሩ ይታያል። መዝገበ ቃላቱ አንዴ ንስር፣ አንዴ ጢማሙን አጥንት ሰባሪ አሞራ ያደርጉታል። አንባቢው አንደኛው ተሳስቷል ይላል። ቲቤታዊው እረኛ ግን ግላግ ሲል የዝርያ ጥያቄ እየመለሰ አልነበረም፤ ከላይ ወርዶ ጠቦት ሊወስድ የሚችል ትልቅ ወፍ ነው ያለው። በ1985 በቤይጂንግ የታተመው ባለ ሦስት ቅጹ ታላቁ የቲቤትኛና የቻይንኛ መዝገበ ቃላት ስሞቹን በቲቤትኛም ጭምር በመፍታቱ ከቀደሙት ይሻላል፤ ቋንቋው ራሱን እንዲያስረዳ ዕድል ሰጥቶታልና።

ይህ ጢማም አሞራ ለእኛም ጎረቤት ነው። በሰሜንና በባሌ ተራራዎች አጥንት ከሰማይ እየጣለ በዐለት ላይ ሲከሰክስ የሚታየው፣ በሂማላያም ያንኑ የሚያደርገው፣ አንድ ዝርያ ነው። የስያሜ ጣጣውም የጋራችን ነው። በዕብራይስጥ ኔሸር የሚባለው ወፍ በሚክያስ 1፡16 በመላጣነቱ ይጠቀሳል፤ ንስር ግን መላጣ አይደለም። ሊቃውንት ኔሸር ጥንብ አንሳ ነው የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ግሪኩ ግን ወደ ንስር አዞረው፤ እኛም በዚያው ገባን። በማቴዎስ 24፡28 ደግሞ በበድን ዙሪያ ስለሚሰበሰቡት ወፎች ሲነገር የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አሞራ ይላል። ለክብር ንስር፣ ለበድን አሞራ ማለት ነው።

ታዲያ ብያ ርጎድን በአማርኛ ምን እንበለው? ንስር ማለት ወፉ በድን መብላቱን ይደብቃል፤ ያኔ ብያ ግቶር ትርጉም ያጣል። ጥንብ አንሳ ማለት ባሕታዊውን ያዋርዳል። ይህ ጸሐፊ የሚያዘነብለው ወደ «ጆፌ አሞራ» ነው። በፉከራና በቀረርቶ አሞራ ይጠራል፣ ይጋበዛል፣ የጀግናው ምስክር ይሆናል፤ ስለዚህ በአማርኛ በድን እየበላ ክብሩን ያላጣ ወፍ አለን። ልዩነቱ ፎካሪው የሚጋብዘው የጠላቱን ሥጋ፣ ቲቤታዊው ደግሞ የራሱን መሆኑ ነው፤ ያንን ልዩነት ስሙ ሳይሆን ጽሑፉ ይሸከመዋል። የቡድሃውም ተራራ እንግዲህ «የጆፌ አሞራ ተራራ» ይሆናል፤ ርጎድ ጻንግ ፓም «ባለ አሞራ ጎጆው»። ክዩንግ እንደ 814ቱ መመሪያ «ወፍ» የሚለው የወል ስም ቀድሞት እንዳለ ቢቀር ይመረጣል። ብያ ግቶርን ግን «የሰማይ ቀብር» ብሎ መመለስ የትርጉም ትርጉም ነው። «ለአሞራ መበተን» ቢባል፣ ግቶርማም «የሚበተን መሥዋዕት» ቢባል፣ በቲቤትኛው ውስጥ ሁለቱን ቃላት ያስተሳሰረው ግስ በአማርኛውም ይሰማል።